ከመቶ አሥራ ሁለት

ዓርብ ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ ስልክ ተደወለና ሚዛን ቢሮው ውስጥ ሞቶ ተገኘ አሉኝ። ባለቤቴ ወጥ ቤት ሆና ሰምታ ኖሮ ብቅ አለችና «ውይ፣ ነፍሱን ይማር» አለች። ትንሽ ቆየት ብላ ደግሞ «እንግዲህ ለከርሞ የኛን ልጅ ማን ሊያይልን ነው?» አለችኝ። ልቆጣት አስቤ ተውኩት። እውነቱን ከተናገርን እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱኑ ነበር።

ሚዛን እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም፣ ከተማው የለጠፈበት ነው። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ አንድ ሥራ ብቻ ይዞ ተቀመጠ። የተማሪውን ውጤት፣ በእጁ የጻፈውን ድርሰትና የመምህራኑን ምስክርነት ይቀበላል። ከዚያ ከመቶ አመልካች አራት አምስቱን ብቻ የሚያስገቡት እነዚያ የሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ልጅ የመቀበል ዕድላቸው ስንት እንደሆነ ቁርጡን በቁጥር ይናገራል። ከመቶ ይህን ያህል፣ በቃ። ሲሳሳት የሰማ ሰው የለም። ስለዚህ በማመልከቻ ሰሞን ደረጃው ላይ መቀመጫ አይገኝም ነበር።

ስደርስ ረዳቴ ሳጅኑ ቀድሞኛል። ጣቢያ ውስጥ ጥድፊያ ነው የምንለው፤ ሻይ ሳይቀዳለት የሚጠጣ ሰው ነው። ሚዛን በጠረጴዛውና በብረት ካቢኔቱ መካከል በጀርባው ተዘርግቷል። መነጽሩ እንኳን ከዓይኑ አልወለቀም። የካቢኔቱ ማዕዘን ላይ ደም አለ። የተማሪ ወንበር ተገልብጧል። ቦርሳው፣ ሰዓቱ፣ ስልኩ ሁሉ በቦታቸው ናቸው። ሐኪሙ፣ ሰውዬው ትናንት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ወደ ኋላ ተገፍትሮ ጭንቅላቱን ካቢኔቱ እንደመታው ነገረን። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከወደቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይሞት እንደቆየ ጨመረልኝ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ስልክ ቢደውል ኖሮ ማለቱ ነው።

ሁለት ነገር ዓይኔን ያዘው። አንደኛው፣ ሚዛን በቀኝ እጁ የቢሮውን ማኅተም ጨብጧል፤ ጣቶቹን ማላቀቅ ጭንቅ ሆኖ ነበር። ሁለተኛው ጠረጴዛው ላይ ያለ ካርድ ነው። በቀጭን፣ በተጠነቀቀ የእጅ ጽሕፈት፣ ቁጥሩ በአኃዝም በፊደልም ሰፍሮበታል፤ 12፣ አሥራ ሁለት። ስም የለውም፣ ፊርማ የለውም፣ ማኅተም የለውም።

*

ሬሳውን ያገኘችው ጸሐፊዋ ናት፤ ከበሩ ላይ አይታ ጮኸች እንጂ ወደ ውስጥ አልገባችም። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ መሐረቧን እየጠመዘዘች የሰውዬውን አሠራር አስረዳችኝ። ወላጅ ውጭ ይቀመጣል፣ ተማሪው ብቻውን ይገባል። ሚዛን ቁጥሩን የሚናገረው ለልጁ ነው፣ ለሌላ ለማንም አይደለም። አባትና እናት ፊት ከተነገረ ልጁ ቁጥሩን አይሰማም፣ የወላጆቹን ፊት ነው የሚያየው ይል ነበር። ልጁ የሰማውን ቁጥር በገዛ እጁ ካርድ ላይ በአኃዝና በፊደል ይጽፋል፣ ስሙን ጽፎ ይፈርማል፣ ሚዛን ማኅተም ይመታበትና መሳቢያ ውስጥ ይቆልፈዋል። ቤት ሄዶ ለወላጅ መናገር የልጁ ፋንታ ነው። ያላመነ ወላጅ ካለ፣ ልጁን ይዞ መጥቶ ካርዱን ማየት ይችላል።

«አንቺስ ቁጥሮቹን ታያለሽ?» አልኳት።

«እኔ የማየው ሲወጡ ፊታቸውን ነው» አለችኝ። ከዚያም እንባዋ እየቀደማት ታወራ ጀመር። ልጆቹ ሲወጡ ግማሹ ዝም፣ ግማሹ እንደ ሰከረ ሰው ይሆናል አለች፤ ረቡዕ ዕለትም የሰዓት ሠሪው ልጅ ስቅስቅ ብላ እያለቀሰች ወጥታ እሷው ውኃ ሰጥታ እንዳጽናናቻት ነገረችኝ። እሷን ትቼ ስለ ሐሙስ ጠየቅኳት። የመጨረሻው ባለ ቀጠሮ የፋርማሲስቱ ልጅ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ገብቶ ወጣ፤ ከዚያ አባትየው በሩን በርግዶ ገብቶ ሲጮህ ሰማች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሚዛንን ደህና እደር ብላው ወጣች። በሩን አልቆለፈችውም።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ደረጃው በወላጅ ተሞላ። ማመልከቻው ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። አንዲት እናት ክንዴን ይዛ፣ ነፍሱን ይማረውና የልጄ ካርድ ማኅተም ተመትቶበታል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንድ ኮት የለበሰ አባት ደግሞ ፋይሉን ደረቴ ላይ ለጥፎ፣ እርስዎም ፊደል የቆጠሩ ሰው ነዎትና አንድ ጊዜ አይተው ይገምቱልኝ አለኝ። አስክሬኑን ሲያወርዱት መንገድ የለቀቁት እየተገፉ ነው።

*

አሁን ስህተቴን ልናገር። ከጥድፊያ አፍ ከምትሰሙት እኔው ብናዘዝ ይሻለኛል።

የዚህን ዓመት ካርዶች ከመሳቢያው አውጥተን ጣቢያ ወሰድን። ነገሩ ለኔ ፀሐይ የሞቀው ሆኖ ነበር የታየኝ። አንዱ ቁጥሩ ዝቅ ያለበት፣ ሰው ሲወጣ ጠብቆ ገብቷል። ባዶ ካርድ አንስቶ አሥራ ሁለት ብሎ ጽፎ፣ ማኅተም ምታልኝ ብሏል። ሚዛን እምቢ ብሎ ማኅተሙን ጨበጠ። ተያያዙ፣ ተገፋ፣ ወደቀ። እንግዲህ የምንፈልገው ቁጥሩ ከአሥራ ሁለት በታች የሆነውን ነው። ካርዶቹን ለሁለት ከፈልኳቸው። ከአሥራ ሁለት በታች ሃያ ስድስት ሆኑ። በላይ ያሉትን ስማቸውን እንኳን ሳላነብ በላስቲክ አስሬ መሳቢያዬ ውስጥ ወረወርኳቸው።

ጥድፊያ እንኳን፣ እሱ የማያስበው ሰው፣ ጭንቅላቱን አከክ አከክ አደረገና፣ «አለቃ፣ መዋሸቱ ካልቀረ ለምን አርባ ብሎ አይጽፍም?» አለኝ።

ልከኛ ውሸት ነው የሚታመነው ብዬ አፉን አስያዝኩት። በራሴ ብልጠትም ደስ ብሎኝ ነበር።

የፋርማሲስቱ ልጅ ካርድ ከሁሉም በታች ነው፤ ሦስት። ከሰዓት በኋላ ሄድንበት። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ነጭ ጋውኑን ለብሶ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ በእጁ ያለውን የክኒን ብልቃጥ ሦስት ጊዜ እየቆጠረ ሦስቴም ይሳሳት ነበር። ሚዛን ላይ እንደጮኸ አልካደም። «መመዘን ያለብህስ አንተ ነህ» እንዳለውም አመነ። ከዚያ ግን አሥር ተኩል ላይ ሥራው ገብቶ እስከ ማታ አንድ ሰዓት አልወጣም። ያስረከበውን መድኃኒት ሁሉ ከነሰዓቱ ጽፎ የፈረመበትን መዝገብ አሳየን። ልጁም አብሮት ዕቃ ሲያወጣ ሲያገባ ውሏል፤ ሦስት ደንበኞች አይተውታል። የልጁን ጽሕፈት ደግሞ ጥድፊያ አስጽፎ አየው፣ የትና የት።

ልንወጣ ስንል ሰውዬው እስከ በሩ ተከተለኝ። ለሚስቱ ገና እንዳልነገራት አጫወተኝ። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ ውጭ አገር ይማራል እያለች ትናገራለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል፣ አሁን ምን ብሎ ይንገራት።

«ሦስት ማለት እኮ ባዶ ማለት አይደለም፤ አይደለም እንዴ ኢንስፔክተር?»

አይደለም አልኩት። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

*

ቅዳሜን ሙሉ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ስንንከራተት ዋልን። ከሃያ ስድስቱ ሃያ ሁለቱ ሐሙስ ማታ የት እንደነበሩ ምስክር አላቸው። ካርዱ ላይ አንድ የአውራ ጣት አሻራ ነበር፤ ግን ፖሊስ ዘንድ አሻራቸው የተመዘገበ ተማሪዎች ከየት ይመጣሉ። አለቃዬ በየሰዓቱ ይደውላል። ወላጆቹ ደግሞ ጣቢያው ደጃፍ ሰፈሩ፤ ስለ ገዳዩ የሚጠይቀኝ አንድም የለም።

ያን ሳምንት ቢሮው የሄዱትንም ሁሉ፣ ምናልባት ያዩት ነገር ካለ ብለን እየዞርን እንጠይቅ ነበር። በዚህ ነው ሰዓት ሠሪው ጋ የገባነው። ሱቁ በቁሙ ቁምሳጥን ያህላል፤ ግድግዳው ሙሉ ሰዓት ነው፣ ሁሉም የየራሱን ይቆጥራል። አባትየው ማጉያ መነጽሩን አንድ ዓይኑ ላይ ሰክቶ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጧል። ልጁ ከጎኑ ናት፤ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ደንበኛ ሰዓት ሲያመጣ እሱ ተቀብሎ ጆሮው ላይ ያደርግና የሕመሙን ዓይነት ይናገራል፣ ከዚያ ከባንኮኒው ሥር ለሷ ያቀብላታል። እሷ በጥፍሯ የማትያዝ ብሎን በመቆንጠጫ አንስታ ታስገባለች። ሙያውን እያስተማራት ነው ብዬ አሰብኩ። ስንገባ ሊጨብጠኝ እጁን ሲዘረጋ ከእጄ ወደ ጎን ሳተ፤ እሱንም በማጉያው አሳበብኩት።

እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኖታል። ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚኖሩት። ረቡዕ የተለየ ሰው አይታ እንደሆነ ልጅቷን ጠየቅኳት፣ አላየሁም አለችኝ፤ ዓይኗን ከብሎኑ ላይ አላነሳችም። ሐሙስ ማታ የት ነበራችሁ ስላቸው አባትየው ፈጠን ብሎ፣ ቤታችን ነበርን አለ። ቁጥሯ ስንት እንደሆነ ጥድፊያ ሊጠይቅ ሲል ሰውዬው አቋረጠው።

«ቁጥሩ ከዚህ ቤት አይወጣም» አለ። ከዚያ ግን ራሱን መግታት ያልቻለ ይመስል ወደኔ ዞሮ ያወራ ጀመር። የእሱ አባት ሰዓት ሠሪ ነበር፣ እሱም ሰዓት ሠሪ ሆነ፤ እሷ ግን እዚህ ቁምሳጥን ውስጥ አትቀበርም። ከሚዛን ዘንድ ከመሄዳቸው በፊት ተስማምተዋል፤ ቁጥሩ ከግማሽ በላይ ከሆነ ትሄዳለች፣ ከግማሽ በታች ከሆነ ትቀራለች። ሌላ ክርክር የለም። ቁጥሩን ከነገረችው በኋላ አላምንም ብሎ፣ ዓርብ ጠዋት አብረው ሄደው ካርዱን በጸሐፊዋ አስነብቦ ሊሰማ ነበር። ሲሄዱ ሰው ተሰብስቦ፣ ሰውዬው ሞቶ አገኙት።

«ሌላ በዓለም ላይ የምፈልገው ነገር የለኝም፤ እሷ ትሂድልኝ እንጂ» አለኝ።

«አባዬ፣ በቃ» አለች ልጅቷ። ለሰውዬው አዝኜ ወጣሁ። ዓርብ ጠዋት ካርዱን ሊያይ ነበር ማለቱን ጆሮዬ ሰምቶታል፣ ልቤ ግን አላነሳውም።

*

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ሰዓት ሠሪው ጣቢያ መጣ። ብቻውን ነው፣ የተተኮሰ ኮት ለብሷል፣ በአንድ እጁ የኮሪደሩን ግድግዳ እየዳሰሰ። ወንበር ሳናቀርብለት፣

«የገደልኩት እኔ ነኝ። ልጄን አትነካኩብኝ» አለ።

አስቀመጥነው። ጥድፊያ ብዕሩን ለማውጣት ኪሱን ሊቀድ ደርሶ ነበር። ሰውዬው ያለ ምንም መደናቀፍ ተናዘዘ። ሐሙስ ጸሐፊዋ ከወጣች በኋላ ገባ፤ ለልጁ የተሰጠውን ቁጥር ከፍ እንዲያደርግለት ሚዛንን ለመነው፤ ሚዛን እኔ ቁጥር አልሸጥም አለው፤ ገፋው፤ ካቢኔቱ መታው። ወጣ። ይኼው ነው። ሚዛን ተገፍትሮ መሞቱን ከተማው ሁሉ ስለሚያውቀው ይኼ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

«ልጅዎ የተሰጣት ቁጥር ስንት ነበር?» አልኩት።

«ከመቶ አሥራ ሁለት።»

ጥድፊያ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ስለዚያ ካርድ ለማንም አልተነፈስንም። ከፖሊስ ውጭ አሥራ ሁለትን የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው።

አሁን ተገላገልን ብዬ እፎይ ልል ነበር። ግን አንድ ነገር እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ቁጥሯ አሥራ ሁለት ከነበረ፣ ከፍ አድርግልኝ ብሎ የሄደ ሰው መልሶ አሥራ ሁለት ብሎ ለምን ይጽፋል? ደግሞስ ካርዶቹን ስከፍል አሥራ ሁለት የሚል ነበር ወይ? አልነበረም። ከሃያ ስድስቱ ውስጥም የሷ ስም አልነበረም።

ተነሥቼ መሳቢያዬን ከፈትኩና በላስቲክ የታሰሩትን አወጣሁ። ከላይ ሆና ጠበቀችኝ። ያችው ቀጭን የተጠነቀቀች ጽሕፈት፣ የ«አ» ፊደል ግራ እግሯ አጠር ያለች። ስሟ አለ፣ ፊርማዋ አለ፣ ማኅተሙ አለ። 71፣ ሰባ አንድ። ከሷ ቀጥሎ ያለው ትልቁ ቁጥር ሠላሳ ስምንት ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ ቁጥር እንዲጨመርለት የገደለ ሰው ስፈልግ የከረምኩት ቂል እኔ ነኝ። እሷ የሄደችው እንዲቀነስላት ነው። ረቡዕ ያለቀሰችውም ከፍ ያለ ቁጥር ስለተሰጣት ነው። አባቷን አሥራ ሁለት ብላ ዋሸችው፤ እሱ አላምንም፣ ዓርብ ካርዱን እንይ አላት፤ ስለዚህ ሐሙስ አሥራ ሁለት የሚል ባለ ማኅተም ካርድ መኖር ነበረበት። ለምን እንደዋሸች ግን ገና አልገባኝም ነበር።

ካርዱን ሰዓት ሠሪው ፊት አስቀመጥኩት። «ይህን ያውቁታል?»

አነሳው። ወደ ፊቱ አስጠጋ፣ አራቀ፣ እንደገና አስጠጋው። ከንፈሩን አርጥቦ፣

«የልጄ ነው። አሥራ ሁለት ይላል» አለ።

ጥድፊያ ብዕሩን አስቀመጠ። እኔም ያን ጊዜ ሱቁ ውስጥ ያየሁት ሁሉ ገባኝ፤ ጆሮው ላይ የሚያደርገው ሰዓት፣ ከባንኮኒው ሥር የሚያቀብላት፣ ስቶ የተዘረጋው እጁ። ከደንበኛ የተደበቀ ነገር ነው፤ የሱቁ ዓይን እሷ ናት። እሷ ከሄደች ሱቁ በማግስቱ ይዘጋል፣ እሱም በጨለማ ብቻውን ይቀራል።

«ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የማያዩት?» አልኩት።

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ በዳበሳ አስቀመጠና፣ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው አለ። ከዚያ መለመን ጀመረ። ዓርብ ማታ ልጁ ሁሉንም ነግራዋለች፤ ሚዛን አሥራ ሁለቱን ከፍ እንዲያደርግላት ልትለምነው ሄዳ እንደገፋችው፣ ይነሣል ብላ ሮጣ እንደወጣች። ጥፋቱ የሱ ነው። ትሄጃለሽ፣ ትሄጃለሽ እያለ አሥር ዓመት ጆሮዋን ያደነቆራት እሱ ነው። መሄድ እንደዚያ ካላስጎመጃት ሰው አትገፋም ነበር። ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፣ እኔን እሰሩኝ፣ ልጅቷ እስከ ነገ እኩለ ቀን ድረስ ማመልከቻዋን ታስገባ፤ አሥራ ሁለትም ቢሆን አሥራ ሁለት ነው፣ ማን ያውቃል።

ሃያ ሰባት ዓመት በዚህ ሥራ ስቀመጥ እንደዚያች ሰዓት ሥራዬን የጠላሁበት ቀን የለም። ዝም ብዬ ቃሉን ብቀበለው የሚሆነው ይገባኝ ነበር። አሻራው የማን እንደሆነ ግን ማንም ሊደብቀው አይችልም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይታወቃል። ደግሞም ይህ ሰው ልጁን ገፍቶ ገደል እንደከተታት አምኖ መሞት የለበትም አልኩ። አሁንም ልክ መሥራቴን አላውቅም።

«ጋሼ፣ ካርዱ አሥራ ሁለት አይልም» አልኩት። «ሰባ አንድ ነው የሚለው።»

ድገምልኝ አለኝ፣ ደገምኩለት። ሳጅኑም ያንብበው አለ። ጥድፊያ፣ ያ ቸኳይ ሰው፣ ፊደል በፊደል ቀስ ብሎ አነበበለት።

«ለሌላ ሰው ይህን ያህል ሰጥቶ ያውቃል?»

«በዚህ ዓመት ካርዶች ውስጥ እሷ ላይ የሚደርስ የለም።»

«ጎበዝ ናት» አለ፣ ፈገግም አለ። የዚያን ፈገግታ ነገር እስካሁን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ትንሽ ቆይቶ ነው ቀሪው የገባው። ሰባ አንድ ይዛ አሥራ ሁለት ነው ካለችው፣ ሐሙስ ማታ ምን ልትለምን እንደሄደች።

*

ልጅቷን ማንም መያዝ አላስፈለገውም። ከቤት ሲወጣ ኮቱን መልበሱን አይታ ተከትላዋለች፤ ውጭ አግዳሚው ላይ፣ ከወላጆቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ጥድፊያ ሲያስገባት ወደ አባቷ አላየችም። እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ አለችና እጆቿን ወደኔ ዘረጋች። ቁጭ በይ አልኳት፤ ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረችን። ባዶውን ካርድ ከሳጥኑ አንስታ ጻፈችበት። ሚዛን አነበበውና፣ ልጄ፣ በሃያ ዓመት አንድ ጊዜ ያገኘሁትን ቁጥር በእጄ አላበላሽም አላት። ማኅተሙን ልትነጥቀው ያዘችው። ጎተታት፣ ገፋችው።

«ይነሣል ብዬ ነው የወጣሁት» አለች። «ወዲያው ነው እንዴ የሞተው?»

ስለ ግማሽ ሰዓቱ አፌ ላይ ነበር። አልነገርኳትም፤ ነገ ከነገ ወዲያ ከሌላ ሰው ትሰማዋለች። አላውቅም አልኳት።

ያን ጊዜ ነው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካርድ ያየችው። መጀመሪያ ካርዱን፣ ከዚያ አባቷን፣ ከዚያ እኔን አየች። ሰው መግደሏን ስትናዘዝ ደረቅ የነበረው ዓይኗ ሞላ።

«ነገሩት?» አለችኝ። «ሁሉንም እፈርም ነበር እኮ። ለምን ነገሩት?»

አባትየው ወደ ድምፅዋ ዞረ። ሰባ አንድ አላት። ከዚያ ለምን አልነገርሽኝም፣ አልሄድም ብትይኝ ምን ነበረበት፣ አፍ አውጥተሽ ብትነግሪኝ አላት።

እሷ እንባዋን በእጇ ጠራርጋ ወደሱ ዞረች። ቁጣ አልነበረባትም።

«ብነግርህ ትሰማኝ ነበር?»

ሰውዬው ሊዋሽላት እንደሚችል፣ አንዲት ቃል ብሎ ሊያጽናናት እንደሚችል አሰብኩ፤ ደግሞም እንዲዋሽላት ፈለግኩ።

«አልሰማሽም ነበር» አላት።

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ወንበሯን ወደሱ አስጠግታ እጁን ያዘችው፤ እኔም ቃሏን መጻፍ ጀመርኩ።